ጃንሜዳ አካባቢ ፈረስ ያላችሁ፣ በ«ኦርቶፔዲክ ጫማ» እንዳትሸወዱ

ለየካቲት 23 ፈረስ ይዛችሁ ምኒልክ አደባባይ ለመውጣት የምታስቡም፣ ጃንሜዳ አካባቢ የምታከራዩም፣ ይህን አንብቡ። ሰሞኑን እየዞረ ለፈረስ «ኦርቶፔዲክ ጫማ» (ሰኮናው ሥር በምስማር የሚመታውን ብረት ማለቱ ነው) እመታለሁ የሚል ሰውዬ አለ። ከውጭ የመጣ ነው፣ አረማመድ ያስተካክላል፣ የ6 ወር ዋስትና አለው ይላል። ከእኛ ለአራቱ እግር 12 ሺህ ብር ተቀብሏል። ዕቃው የታጠፈ ፌሮ ነው። ሞረድ ነክቶት ቀለም ተቀባ፣ አለቀ። ፌሮ መሆኑስ ይሁን፣ ስንቱ አስቀጥቅጦ ይጠቀምበታል፣ ግን በዚያ ዋጋ አይደለም።

የባሰው ምስማሩ ነው። የፈረስ ምስማር ጠፍጣፋ ነው፤ ጫፉ በአንድ ጎኑ ሰያፍ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ፣ ሰያፉ ወደ ውስጥ ዞሮ ሲመታ ወደ ውጭ እየታጠፈ ሄዶ በሰኮናው ግድግዳ ላይ ብቅ ይላል። ሰውየው የመታው የአናጢ ምስማር ነው። ክብ ነው፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚገባው። እግሩን አንስታችሁ ሰኮናውን ከሥር ብታዩት ከግድግዳው ውስጠኛ ጠርዝ ጋር የሚዞር ነጣ ያለ መስመር አለ። ምስማር ከዚያ መስመር ወደ ውስጥ ካለፈ ሕያው ሥጋ ነካ ማለት ነው። የእኛ ፈረስ መጀመሪያ ደህና ነበር፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ማነከስ ጀመረ፣ ሰኮናውም ሲነኩት ይፋጃል። የእንስሳት ሐኪሙ ምስማሩን ሲነቅል በቀዳዳው የሚሸት ጥቁር መግል ወጣ። ፈረስ በቴታነስ ቶሎ ስለሚጠቃ መርፌውም ተጨመረ፣ ሌላ ወጪ።

ሌላም ጉድ አለ። ብረቱ ሲጠብበት ብረቱን ማስፋት ትቶ የሰኮናውን ፊት በሞረድ ፍቆ አሳሳው። ሰኮና በወር የሚያድገው ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፣ ስለዚህ የተፋቀው እስኪተካ ወራት ይፈጃል።

ዋስትና የሚሉትን ነገር ደግሞ እርሱት። ብረቱ ባያልቅም ሰኮናው ስለሚያድግ፣ ጫማ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ተነቅሎ፣ ሰኮናው ተከርክሞ እንደገና ይመታል። 6 ወር አይነካም የሚላችሁ ሰው ወይ ሥራውን አያውቅም ወይ ያውቅና ይዋሻል።

ስለዚህ ሳትከፍሉ በፊት አንድ ምስማር ስጠን በሉትና በእጃችሁ እዩት። ጫማውን ሳይመታ ሰኮናው ላይ ያስቀምጠው፣ ዳሩ ከዳሩ ይግጠም፣ ተረከዙ ጋም ብረቱ አጭር አይሁን። መዶሻው ሲያርፍ ፈረሱ ከደነገጠ ወይም እግሩን ከነጠቀ ያ ምስማር ወዲያው ይነቀል፣ «ባህሪው ነው» ቢላችሁ አትስሙት። ከውጭ የሚወጡት ጫፎች ደግሞ ከሥር ወደ ላይ የግድግዳውን ሲሶ ያህል ከፍ ብለው በአንድ መስመር ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ የእኛው አንዱ ሰማይ አንዱ ምድር ነበር። በዚያ ላይ ልሙጥ ብረት አስፋልት ላይ ያንሸራትታል፣ የፒያሳን ቁልቁለት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ፈረሳችሁ ሣርና አፈር ላይ ብቻ የሚውል ከሆነም ጫማው ራሱ ላያስፈልገው ይችላል፣ በጊዜው መከርከም ይበቃዋል።

ገንዘባችንን መልስ ስንለው «ፈረሳችሁ ሰኮናው ደካማ ነው» ብሎ እኛኑ ወቀሰ። አሁን ስልኩ ዝግ ነው፣ ደረሰኝም አልሰጠንም። ሌላ የተበላ ካለ በውስጥ መስመር ያናግረኝ፣ ተሰባስበን ፖሊስ ጣቢያ እናመለክታለን። የተነቀሉትን ምስማሮችና ፌሮውን አስቀምጠናቸዋል።