ለጽጌ የታደሰው ከበሯችን፦ ስለ አንድ የመርካቶ ከበሮ ሠሪ

ፍልሰታ ከተፈታ ጀምሮ ሰንበት ትምህርት ቤታችን እረፍት የለውም። የቅዱስ ዮሐንስ መዝሙር ነበር፣ የደመራ ጥናት ነበር፤ አሁን ደግሞ መስከረም 26 የእመቤታችን ስደት የሚታሰብበት ዘመነ ጽጌ ይገባል። እስከ ኅዳር 5፣ 40 ቀን ሙሉ። ቅዳሜ ማታ የተጀመረ ማኅሌት እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ነው የሚያደርሰን። ዩኒፎርም ቢዘገይ ነጠላ አጣፍቶ መቆም ይቻላል። ከበሮ ከሞተ ግን ወረቡም፣ በከበሮና በጭብጨባ የምናቀርበው ዝማሬ፣ አብሮ ይሞታል።

የኛ ትልቁ ከበሮ ከዋንዛ እንጨት የተሠራ ነው፤ ከኔ በፊት ስንት ዘማሪ መትቶታል። ዘንድሮ ክረምት ላይ ድምፁ ጠፋ። እርጥበት ቆዳ ያላላል፤ ፀሐይ ላይ ትንሽ ሲቆይ ይመለሳል። የኛው ግን አልመለስ አለ። የሰፊው አፍ ቆዳ ጠርዙ ላይ ተሰንጥቋል። «አዲስ እንግዛ» የሚል ሐሳብ መጣ። አቅማችን የሚችለው የቆርቆሮውን ነበር። ቆርቆሮው ቀላል ነው፣ አንገትም አይጎዳም፤ ድምፁ ግን ይንጫጫል። ከበሮ መቺ ስለሆንኩ ይሄ ነገር አልዋጥልህ አለኝ።

መርካቶ ውስጥ ከበሮ የሚያድሱ አባት እንዳሉ የነገረችኝ የሌላ አጥቢያ ዘማሪ ናት። ሱቃቸው ታፔላ የለውም፤ ደጁ ላይ የተደረደሩትን ከበሮዎች አይቶ መግባት ነው። ከበሮውን ተቀብለው በጣታቸው አንጓ እንጨቱን ዙሪያውን አንኳኩ። «እንጨቱ ምንም አልሆነም ልጄ። ይሄን ጥላችሁ ቆርቆሮ ልትገዙ ነው?» አሉኝ።

ሥራቸውን ቁጭ ብዬ አየሁ። የተነከረውን የበሬ ቆዳ እርጥቡን አፉ ላይ ይዘረጉታል። ከዚያ ጠፍሩን ከሰፊው አፍ ወደ ጠባቡ፣ ከጠባቡ ወደ ሰፊው እያመላለሱ ያስሩታል። እግራቸውን እንጨቱ ላይ ተክለው ነው የሚስቡት። አንድ ዙር ሲያልቅ ተመልሰው ከመጀመሪያው ጠፍር ይጀምራሉ፤ አንዱ ላልቶ አንዱ ከጠበቀ ድምፁ ይወላገዳል። መምህሮቻችን ጠፍሩ የጌታችን የግርፋቱ ሰንበር ምሳሌ ነው እያሉ ነው ያሳደጉን። ጠፍር በግዴለሽነት ሲታሰር ማየት የማልወደው ለዚህ ነው። እሳቸው እጅ ላይ ግዴለሽነት አላየሁም። የሚያደርቁትም ጥላ ውስጥ ነው። «ፀሐይ ያስቸኩለዋል፤ የቸኮለ ቆዳ ደግሞ ይሰነጠቃል» ይላሉ።

ውጤቱስ? በጣም ነው የወደድኩት። ሰፊው አፍ ወፍራም ድምፁን አግኝቷል፣ ጠባቡ ጥርት ብሏል። ወረቡ ወደ ጽፋት ሲገባና ምቱ ሲፈጥን ድሮ ሁለቱ ድምፆች ይደባለቁብኝ ነበር። አሁን ለየብቻ ይሰማሉ፤ ከኋላ የቆሙት ሕፃናት እንኳ ጭብጨባቸውን አልሳቱም። የአጥቢያችን ደመራ ላይ ካፊያ ነበር። በጋቢ ሸፍነን ያዝነው፣ ድምፁ ግን እስከ መጨረሻው አልወረደም። ዋጋውም ከአዲስ የእንጨት ከበሮ ግማሽ አይሞላም።

ቅር ያለኝም አለ። ቀጠሮ አያከብሩም። ጳጉሜን ሳይገባ ይደርሳል የተባለው ከበሮ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው የደረሰልን፤ የጥናቱን ሳምንት በትንሹ ከበሮ ነው ያሳለፍነው። ስልክ ሲደወልላቸውም ብዙ ጊዜ አያነሱም። ደረሰኝ ስለማይሰጡ ሒሳብ ያዣችን ተቸግራለች። ማንገቻውም ቀጭን ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ለሚቆም ሰው ትከሻ ይቆርጣል። እኛ ሌላ ቦታ ወስደን ሰፋ ያለ አሰፋንለት።

እንዲያም ሆኖ የእንጨት ከበሮ ያላችሁ ማኅበራት ሳትጥሉት በፊት እሳቸው ጋ ውሰዱት። ግን በሐምሌ ውሰዱት፤ ነሐሴ ላይ የየአጥቢያው ከበሮ እዚያ ነው የሚከማቸው። ከታደሰ በኋላ ደግሞ ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጡት፣ በላስቲክም አትጠቅልሉት፤ ሁለቱም እርጥበት ያሲዙታል ብለውኛል። የኛው አሁን ዕቃ ቤት ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

የሕፃናት ክፍሉን ትንሽ ከበሮ ጽጌ እንዳለቀ ልወስደው ነው። ኅዳር ላይ ወረፋ የለም ብለውኛል።