የቦውሊንግ ኳስ በምን ይጽዳ? አልኮል ወይስ የዕቃ ሳሙና?

የቦውሊንግ መንገድ ዘይት ይቀባል። ሬአክቲቭ ሬዚን የሚባለው ኳስ ደግሞ ዘይቱን ይጠጣል፤ ሲጠግብ በመንገዱ መጨረሻ ወደ ጎን መታጠፉን ይረሳል።

የእኔ ምርጫ አልኮል ነው። ጨዋታው እንዳለቀ፣ ኳሱ ሞቅ እንዳለ፣ አይሶፕሮፒል (የማጽጃ አልኮል) በነካ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ጨርቁ ግራጫ ይሆናል (ማመን ያስቸግራል!)። አልኮሉም ወዲያው ይተናል። ከእሳት ብቻ ይራቅ።

የዕቃ ሳሙና ለብ ባለ ውሃ ርካሽ ነው፣ ቅባትም ያስለቅቃል። ጣጣው ማለቅለቁ ነው። ሳሙና ከቀረበት ያሟልጫል፤ የጣት ቀዳዳዎቹም ውሃ እንዳይገባባቸው በፕላስተር መሸፈን አለባቸው።

አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) ግን አይነካካ፤ የኳሱን ገጽ ያበላሻል።

የስፖርቱን ሕግ በሚያወጣው የአሜሪካ ቦውሊንግ ኮንግረስ ውድድሮች ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በጨዋታ መሃል የሚፈቀደው ደረቅ ፎጣ ብቻ ነው። አልኮሉም ሳሙናውም ከጨዋታው በፊት ወይም በኋላ ነው።