«ለምን ቀን ነው የምትለብሽው?» ጎንደር ላይ የወደድኳቸው

ከቶሮንቶ ጎንደር የገባሁት ጥር ላይ ነው። ከጥምቀት ጥቂት ቀን ቀደም ብዬ ደረስኩ። የታናሽ እህቴ ሰርግ ደግሞ ከጥምቀት ሁለት ሳምንት በኋላ ነበር፣ ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ቲኬት አገኘኋቸው። ከተመለስኩ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው። ቀሚሱን የት አሠራሽው? ሹሩባውንስ? ማታ ማታ የት ነበር የምታመሹት? ለአንዱም ለሌላውም በስልክ ከምደግመው ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ የተበላሸብኝን ልንገራችሁ። በሁለተኛው ቀን ቱሪስት ከሚበዛበት መንገድ ዳር አንድ ሱቅ ገብቼ የሀበሻ ቀሚስ ገዛሁ። ሻጩ «የእጅ ሥራ ነው፣ እዚሁ ጎንደር የተሸመነ» አለኝ። ቸኩዬ ስለነበር አላገላበጥኩትም። ቤት ስደርስ አክስቴ ጨርቁን በሁለት ጣቷ አሸት አድርጋ ዝም አለች። ከዚያ ከጫፉ አንዲት ክር መዘዘችና ክብሪት ለኮሰችባት። ክሯ ቀለጠችና ጠጠር ሆና ቀረች። ጥጥ ቢሆን ኖሮ የተቃጠለ ወረቀት እየሸተተ አመድ ይሆን ነበር። ጥለቱም የተሸመነ ሳይሆን የታተመ ነው፣ ሲገለበጥ ጀርባው ነጭ። በማግስቱ ልመልስ ብሄድ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ተባልኩ። ያናደደኝ ገንዘቡ አይደለም። ሸማኔዎቹ እዚያው ከተማ ውስጥ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከተው ቀኑን ሙሉ እየሠሩ፣ ፋብሪካ ያተመው ፖሊስተር በእነሱ ስም ሲሸጥ የሚነጠቀው የእነሱ እንጀራ ነው። ስትገዙ ገልብጡት። የእጅ ጥለት ከሆነ ጀርባው ላይ የክሩ መሄጃ ይታያል።

አክስቴ በማግስቱ እጄን ይዛ ከቅዳሜ ገበያ ወረድ ብሎ ወዳለ ሰፈር ወሰደችኝ። ሸማኔው ትልቅ ሰው ናቸው። ምን ትፈልጊያለሽ ብለው አልጀመሩም። «ለምን ቀን ነው የምትለብሽው ልጄ?» አሉኝ። ለእህቴ ሰርግ አልኳቸው። ታላቅ ነሽ ወይስ ታናሽ? ታላቅ። ቀን ነው ማታ? ከዚያ በኋላ ነው ክር ማውጣት የጀመሩት። መጀመሪያ ጥያቄው በዛብኝ፣ ቆይቶ ግን ገባኝ። የሙሽራ እናት የምትለብሰውና የሙሽራ እህት የምትለብሰው ጥለት ስፋቱ አንድ አይሆንም። ነጠላም ቢሆን እንደ ቀኑ ነው የሚለበሰው። ለቤተ ክርስቲያን ይመሳቀላል፣ ለለቅሶ ጥለቱ ወደ አንገት ይወጣል። ልብሱን ከመሥራቱ በፊት ቀኑን የሚጠይቅ ሰው ውጭ አገር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አላጋጠመኝም።

ቀለሙን የመረጥነው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። እኔ ከተማው ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ የምወደው የዚያን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ነው። ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል፣ ዓይናቸው ሁሉ ትልልቅ፣ በየትኛውም ጥግ ብትቆሙ የሚያዩአችሁ ይመስላችኋል። ቀይ ሲባል ደማቁ ቀይ አይደለም፣ የበርበሬ ዓይነት ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ቢጫውም እንደ እርድ ነው። ፍላሽ ሳልጠቀም ፎቶ አነሳሁና ለሸማኔው አሳየኋቸው። ስልኩን ተቀብለው ወደ ብርሃን ወጡ፣ ረጅም ጊዜ አዩት፣ ተመልሰው ከክሮቹ መሀል ሦስት ጥቅልል አንስተው ጉልበቴ ላይ አስቀመጡልኝ። ቁርጥ እሱ ነው። አረንጓዴውን በቀጭኑ ብቻ እናስገባው አሉ፣ ከበዛ ባንዲራ ይመስላል። ልክ ነበሩ።

ነጠላው በሳምንት ደረሰ፣ ቀሚሱ በ12 ቀን። አንድ ቀን ዘግይቷል፣ ግን አስቀድመው ደውለው ነግረውኛል። ጥር ላይ የሰርግ ሥራ ስለሚደራረብ ለሰርግ የምታሠሩ ከሆነ ገና ቲኬት ስትቆርጡ እዘዙ። ዋጋ አልጽፍም፣ በየወሩ ስለሚለዋወጥ ያሳስታችኋል። ለእኔ ግን ከሱቁ የፖሊስተር ቀሚስ ብዙም አልበለጠም።

ጥልፉን የሠራው በእግር በሚረገጥ ሲንጀር የሚሠራ ወጣት ነው። ደረቱ ላይ መስቀል ፈልጌ ነበር። ሳይስል፣ ሳይለካ፣ ጨርቁን በእጁ እያዞረ ብቻ አወጣው። ቆሜ ነው ያየሁት። እጅጌውን ትንሽ አጥብቦብኝ ነበር፣ እዚያው ፈትቶ በግማሽ ሰዓት አስተካከለልኝ፣ ተጨማሪም አልጠየቀኝም።

ጥምቀት ላይ ግን የለበስኩት የአክስቴን ቀሚስ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት የት እንደሚሠራ ማየት የፈለገ ጎንደር ይሂድ። በከተራ ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ዳር ቆሜ ልብስ ብቻ ሳይ ዋልኩ። የየሰፈሩ ወጣት ተመካክሮ አንድ ዓይነት አሰፍቷል። አንዱ ሰፈር ሙሉ ነጭ በአረንጓዴ ጥለት፣ ሌላው ወንዶቹ ቁምጣና ጃኖ፣ ሴቶቹ ሹሩባ። የድሮው ስፌት ከአዲስ ስኒከር ጋር ተለብሷል፣ ያምራልም። በማግስቱ ጠዋት ከቀሃ ወንዝ በተሞላው ውኃ ውስጥ ወጣቶቹ ዘለው ሲገቡ ያ ሁሉ ልብስ ሲረጥብ ልቤ ቢነካም፣ እነሱ ግን ደስታቸው ሌላ ነው።

ሹሩባውን የሠራችኝ ልጅ ከቤቷ ነው የምትሠራው። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀባት፣ አላሳመመችኝም፣ ቡናም አፈላችልኝ። ከላይ ቀጭን፣ ከኋላ የተበተነ። እሷም ያንኑ ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ፣ ለምን ቀን ነው?

አሁን ወደ ሙዚቃው። ፋሲል ግቢ ውስጥ ግንቦቹን የሚያይ ሰው ብዙውን ጊዜ የአፄ ፋሲልን ትልቁን ግንብ አይቶ፣ እንቁላል መሰል ጣሪያ ካላቸው ማማዎች ጋር ፎቶ ተነሥቶ ይወጣል። እኔ ግን ሁልጊዜ የምሄደው ወደ አፄ ዳዊት 3ኛ የመዝሙር ቤት ነው። ዳዊት የነገሡት ከ1716 እስከ 1721 እ.ኤ.አ. ነው፣ አጭር ዘመን ነው፣ ያውም ግንቡን ያሠሩት ለዘፈንና ለመዝሙር። እኔ ስሄድ ጣሪያ አልነበረውም። ግድግዳው መሀል ቆሜ አንድ ጊዜ ድምፄን አወጣሁ። ንጉሥ ለሙዚቃ ብቻ የተለየ ቤት ያሠራበት ከተማ ልጅ መሆኔ ያኮራኛል።

ዛሬ ያ ሙዚቃ ያለው አዝማሪ ቤት ነው። የአጎቴ ልጆች የወሰዱኝ ቤት ትንሽ ናት። ግድግዳው ላይ ቆዳና ጋሻ፣ መቀመጫው ዱካ፣ ጠጁ በብርሌ። ማይክ የለም፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ማታ የገባንበት ሌላ ቤት ድምፅ ማጉያው ከመብዛቱ የተነሣ ማሲንቆው እንደ መጋዝ ነበር የሚጮኸው፣ አንድም ግጥም ሳልሰማ ወጣሁ። ማሲንቆ እኮ አንድ ገመድ ብቻ ያለው መሣሪያ ነው፣ ከፈረስ ጭራ የተገመደ። ውበቱ ያለው ድምፁ ከሰው ጉሮሮ ጋር ሲቀራረብ ነው። ግጥሙን ካልሰማችሁ ደግሞ አዝማሪ ቤት መግባት ጥቅም የለውም፣ ዋናው ግጥሙ ነውና።

አዝማሪው ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ። ዝቅ ብሎ የአጎቴን ልጅ ጆሮ ውስጥ ጠየቀው፣ ማን ናት? ከየት መጣች? አዲሱን ነጠላ ለብሼ ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ እንዲህ አለ፦

ጥላን ሄደች ብለው ሰው ሲያማሽ በከንቱ፣
ትከሻሽ ላይ አየሁ ያገር ቤት ጥለቱ።

ቤቱ በሙሉ ጮኸ። እኔ ቶሎ አልገባኝም ነበር፣ «ጥላን» እና «ጥለቱ» የተያያዙት ጭብጨባው ካበቃ በኋላ ነው። ብሩን ግንባሩ ላይ ለጠፍኩለት፣ ዓይኔም እንባ ሞላ። 11 ዓመት ሙሉ ጥለሽን ሄድሽ የሚለኝን ሰው መልስ አጥቼለት ነበር፣ እሱ በሁለት መስመር መለሰልኝ። ከዚያ እስክስታ ተጀመረ። የጎንደር ትከሻ ሲነሣ ቁጭ ብሎ ማየት አይቻልም።

ቀን ቀን ቡና የምጠጣው ፒያሳ ነው። የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎቹ ጥጋቸው የተሞረደ፣ ቀለማቸው ክሬም፣ ረጋ ያሉ ናቸው። የተሠሩበትን ዘመን አልወድም፣ ሰው ግን በ80 ዓመት ውስጥ የራሱ አድርጓቸዋል። በረንዳው ላይ ሊስትሮ፣ ሎተሪ ሻጭ፣ ጥግ ላይ ማኪያቶ ይዞ ስለ ፋሲል ከነማ የሚከራከር ሽማግሌ አለ። ማኪያቶው ጥሩ ነው፣ አስተናጋጆቹም ያስታውሱአችኋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ጎሃ ሆቴል ያለበት ኮረብታ ላይ ውጡ፣ ከተማው በሙሉ ከግንቦቹ ጋር ከእግራችሁ ሥር ነው። ባጃጅ ስትይዙ ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ። መንገዱንና የማታውን ሰዓት ደግሞ እዚያው ያለ ዘመድ ጠይቁ፣ እኔም እንደዚያ ነው ያደረግኩት።

ባለፈው እሑድ ለሸማኔው ደወልኩላቸው። ለባለቤቴ ጋቢ ፈልጌ ነው። ቀለሙን ልነግራቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ፣ «ቆይ ልጄ፣ እዚያ ብርዱ እንዴት ነው?»