«ዲኮደርዎን ያምጡ፣ ቦክስ ይውሰዱ» ለሚሏችሁ እሺ እንዳትሉ (ለሀዋሳ ነዋሪዎች)

ሰሞኑን ሀዋሳ ውስጥ በዲኤስቲቪ ፋንታ እየተሸጠ ስላለ፣ በኢንተርኔት ቻናል ስለሚያሳይ የቲቪ ቦክስ ነው የምጽፈው። ማስታወቂያውን ቲክቶክ ላይ ወይ ሱቅ በራፍ ላይ ሳታዩት አትቀሩም፦ «ከወርሃዊ ክፍያ ይገላገሉ! አንዴ ከፍለው ዕድሜ ልክ ይመልከቱ! ከ10 ሺህ በላይ ቻናል፣ ፕሪሚየር ሊግ፣ ቻምፒየንስ ሊግ፣ ፊልም፣ ሁሉም በአንድ ቦክስ! ዲኮደርና ሳህን ይዘው ለሚመጡ ልዩ ቅናሽ!» እንዳትገዙ። ከገዛችሁም እንኳ ዲኮደራችሁንና ሳህናችሁን እንዳትሰጧቸው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ትንሽ ይረዝማል።

ዲኤስቲቪን መተው የሚፈልግ ሰው ላይ አልፈርድም። ዋጋው ይጨምራል እንጂ ሲቀንስ አላየሁም፤ ኳስ ለማየት ብላችሁ ከፍታችሁት ለማታውቁት ቻናል ሁሉ አብራችሁ ትከፍላላችሁ፤ ወሩ ሞልቶ ሳትከፍሉ ካመሻችሁ ደግሞ ልክ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ብቻ ይመጣል። ያናድዳል። ሻጮቹ የሚነግዱትም በዚሁ ንዴት ነው።

የገዛችው አክስቴ ናት። ቤቷ ከገብርኤል ብዙም አይርቅም፤ እሷ የቃና ተከታታይ ድራማ፣ ልጆቿ ኳስ ነው የሚያዩት። ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ «ማዘር፣ ይሄ እኮ እስከ ዘላለም ነው፤ የልጅ ልጅዎ ያየዋል» አላት። 9 ሺህ ብር ገደማ ከፈለች፣ ዲኮደሩን ከነካርዱ፣ ሳህኑን ከነኤልኤንቢው (ሳህኑ ፊት ለፊት ከምትታሰረው ምልክት መቀበያ ጋር) አስረከበች፣ ቦክሱን ይዛ ገባች። ሳህኑን ከጣሪያ ላይ ያወረዱላትም እነሱ ናቸው፤ በነፃ።

መጀመሪያ ሰሞን ሠራ፤ አልዋሽም። ቻናሉ ተቆጥሮ አያልቅም። ግማሹ አረብኛና ቱርክኛ፣ ሌላው የምን አገር እንደሆነ የማይታወቅ ቢሆንም የእንግሊዝ ኳስ ነበረው። (ከዚያ ሁሉ ሺህ ቻናል ውስጥ ሀዋሳ ከተማ ሲጫወት የሚያሳይ አንድ እንኳ አላገኘሁም፤ እሱን ግን ማንም ቃል አልገባልኝም።) ከዚያ ቅዳሜ ማታ ማታ መቆራረጥ ጀመረ። ቀጥሎ ያቺ ክብ ነገር መሃል ስክሪን ላይ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ምንም የለም። ለሱቁ ልጅ ተደወለለት። «ሰርቨር ጥገና ላይ ነው፣ ነገ ይመለሳል።» ሌላ ጊዜ ሲደወል «አዲስ ሰርቨር መጥቷል፣ ማደሻ 3 ሺህ ብር ነው።» አክስቴም «ልጄ፣ ዘላለም ብለኸኝ አልነበር እንዴ?» ስትለው የመለሰላትን ስሙልኝ፦

«ማዘር፣ ዘላለም ያልኩት ቦክሱን ነው።»

ደረሰኝ አላት ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አላት። በእጅ የተጻፈች ቁራጭ ወረቀት፤ «ቲቪ ቦክስ፣ ብዛት 1» ይላል፣ በቃ። ስለ ቻናሉ፣ አገልግሎቱ ስለሚቆይበት ጊዜ፣ ስለተረከቡት ዲኮደርና ሳህን አንዲት ቃል የለበትም። ቦክሱ ደግሞ ይበራል። እንግዲህ በወረቀቱ ከሄድን ልጁ የሸጠውን አስረክቧል ማለት ነው፤ ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው።

ቦክሱን ራሴ ከፈትኩት። ቻናሎቹን የሚያሳየው መተግበሪያ ውስጥ የአካውንት መረጃ የሚል ገጽ አለ፤ እዚያ የተጠቃሚ ስም፣ አካውንቱ ንቁ መሆን አለመሆኑ፣ ከሥሩ ደግሞ የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል። የአክስቴ «ዘላለም» የሚያበቃው ከገዛችበት ቀን ልክ በሦስተኛው ወር ነበር። ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ እዚያው ተጽፎ ተቀምጧል፤ በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል። ይህን ቦክስ የገዛ ሁሉ ዛሬውኑ ይህን ገጽ ይክፈት። ገና ሊገዛ ያሰበ ካለ ደግሞ ብሩን ከኪሱ ሳያወጣ ሱቁ ውስጥ ከፍተው እንዲያሳዩት ይጠይቅ፤ ፊታቸው ሲለዋወጥ ያያል።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሱቁ ሰርቨር (ስርጭቱን በኢንተርኔት የሚልከው ኮምፒውተር) የሚባል ነገር የለውም። ውጭ አገር ያለ፣ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው የቴሌቪዥን ጣቢያዎችን ስርጭት ያለፈቃድ ይለቅማል፤ ከዚያ በየአገሩ ላሉ ቸርቻሪዎች በወር በወር ሒሳብ ይሸጥላቸዋል። ቸርቻሪው ለእናንተ የሚሰጣችሁ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ብቻ ነው። ከናንተ የዓመት ወይም የዘላለም ዋጋ ይቀበላል፣ ለላይኛው ሰውዬ የጥቂት ወር ይከፍላል፣ ልዩነቱ ኪሱ ይገባል። ለላይኛው የሚከፈለው ደግሞ በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። በብር አንዴ ተቀብሎ ዕድሜ ልክ በዶላር እየከፈለ የሚያሳያችሁ ሰው አለ ብላችሁ ታምናላችሁ?

ሻጩ ሐቀኛ ቢሆን እንኳ ሰርቨሩ የሱ አይደለም። በኅዳር 2017 የጣሊያን ፖሊስ ከሌሎች የአውሮፓ አገሮች ጋር ሆኖ አንድ እንዲህ ዓይነት መረብ ሲዘጋ፣ በዓለም ዙሪያ ከ22 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ነበረው ተብሏል። ነገ የናንተ ሰርቨር ተራው ቢደርስ የሱቁ ልጅ እጁን ዘርግቶ «ምን ላድርግ» ከማለት ሌላ አማራጭ የለውም። እናንተም ያለፈቃድ የሚሰራጭ ነገር ገዝታችኋልና ሰርቨሩ ተዘጋ ብላችሁ ማንን ትከሳላችሁ?

አሁን ማንም ወደማያነሳው ወጪ ልምጣ፤ ኢንተርኔቱ። ሻጩ «ወርሃዊ ክፍያ የለውም» ሲል ይህን አይቆጥርም። ሳህን ላይ የሚመጣ ስርጭት ዳታ አይበላም፤ ቦክስ ግን እያንዳንዷን ደቂቃ ከኢንተርኔታችሁ ነው የሚጎትተው። ኔትፍሊክስ ለደንበኞቹ ያስቀመጠው ልክ አለ፦ በዝቅተኛ ጥራት በሰዓት እስከ 1 ጊጋ፣ በኤችዲ እስከ 3 ጊጋ፣ በፎር ኬ እስከ 7 ጊጋ። ቤታችሁ ውስጥ ቴሌቪዥኑ በቀን አራት ሰዓት በኤችዲ ቢከፈት 12 ጊጋ ነው፤ በወር 360 ጊጋ። ይህን በሞባይል ዳታ ጥቅል አስቡት፤ ዲኤስቲቪው ርካሽ ሆኖ ቁጭ ይላል። ያልተገደበ የቤት መስመር ያላችሁ ከጊጋው ትድናላችሁ፣ ከፍጥነቱ ግን አትድኑም፦ ለሙሉ ኤችዲ የሚመከረው 5 ሜጋ ነው፣ እሱም ሳይዋዥቅ። መስመራችሁ 4 ሜጋ ሆኖ አንዱ ልጅ በስልኩ ቲክቶክ፣ ሌላው ዩቲዩብ ከከፈተ ኳሱ መቆሙ አይቀርም። ያን ጊዜ ሻጩ «ችግሩ የኔ አይደለም፣ የቴሌ ነው» ይላል፤ ግማሽ እውነትም አለው።

ኳስ ለምትወዱ ደግሞ አንድ ልጨምር። በኢንተርኔት የሚመጣው «ቀጥታ» ስርጭት ከሳተላይቱ ወደኋላ ይቀራል፤ ግማሽ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። አክስቴ ቤት ማዶ ዲኤስቲቪ ቤት አለ። የ12 ሰዓቱን ጨዋታ እኛ ሳሎን ቁጭ ብለን ስናይ ማዶ ቤቱ በጩኸት ይናጋል፤ እኛ ጋ ኳሷ ገና መሃል ሜዳ ላይ ናት። የአክስቴ ትንሹ ልጅ በመጨረሻ መስኮት መዝጋት ጀምሮ ነበር።

ቦክሱ ራሱስ? ካርቶኑ ላይ 8ኬ፣ 128 ጊጋ ምናምን ይላል። የነዚህ ስም የለሽ ቦክሶች ጽሑፍና ውስጥ ያለው ዕቃ ብዙ ጊዜ አይገናኙም፤ ሴቲንጉ ውስጥ የሚታየው ቁጥር ራሱ ተቀይሮ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ይህ ግን ቀላሉ ነው። የአሜሪካው ኤፍቢአይ በግንቦት 2017 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ እንዲህ ያሉ ርካሽ የቲቪ ቦክሶች ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ ወይም ስትከፍቷቸው በምታወርዱት መተግበሪያ በኩል ተንኮል አዘል ሶፍትዌር ተጭኖባቸው እንደተገኙ ገልጿል፤ የተጠቁት መሣሪያዎች መረብ ባድቦክስ 2.0 ይባላል። በሐምሌ 2017 ደግሞ ጎግል ከ10 ሚሊዮን በላይ መሣሪያዎች ተጠቅተዋል ብሎ በኒውዮርክ ክስ መሥርቷል። በቀላሉ ሲነገር፣ ሳሎናችሁ ያለው ቦክስ እናንተ ሳታውቁ የማታውቁት ሰው በናንተ ኢንተርኔት አልፎ የፈለገውን እንዲሠራ በር ይከፍታል። ሁሉም ቦክስ እንዲህ ነው አልልም። ነገር ግን ስታስገቡት «የደህንነት ጥበቃውን አጥፋ» ብሎ የሚጠይቅ፣ መተግበሪያውን ከጎግል ፕሌይ ሳይሆን ሻጩ ከሰጣችሁ ፍላሽ የሚጭን ከሆነ ንቀሉት። በተለይ ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ ያለበት ስልካችሁ በዚያው ዋይፋይ ላይ ከሆነ።

ወደ ሳህኑ ልመለስ፤ በጣም ያናደደኝ እሱ ነውና። ዲኤስቲቪ ብታቆሙ እንኳ ሳህኑ ሥራ አይፈታም። ዲሽ ሠሪ ጠርታችሁ ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ወደ ኢትዮሳት ካዞራችሁትና የነፃ ቻናል ሪሲቨር ከገዛችሁ ኢቲቪን፣ ፋናን፣ ኢቢኤስን፣ ቃናን ያለ ምንም ወርሃዊ ክፍያና ያለ ኢንተርኔት ታያላችሁ። አክስቴ የምትፈልገው ድራማ ይኸው ነበር እኮ! እሱን በነፃ ልታይበት የምትችለውን ሳህን ሰጥታ፣ ያንኑ ድራማ በሚቆራረጥ ቦክስ ልታይ ገንዘብ ከፈለች። ያ ሳህን አሁን ሌላ ሰው ጣሪያ ላይ በሌላ ዋጋ ተተክሏል፤ ሻጩ ከሁለት በኩል በላ።

ሕጋዊ ስትሪሚንግ የምትፈልጉ ካላችሁ ዩቲዩብ አለ፤ የአገራችን ጣቢያዎች ፕሮግራሞቻቸውን ይጭናሉ፣ ድራማውም ፊልሙም ሞልቷል፣ የምትከፍሉት ዳታውን ብቻ ነው። ኔትፍሊክስ በብር አይከፈልም፤ በውጭ ምንዛሬ የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል፣ ለአብዛኞቻችን አያዋጣም። ለፕሪሚየር ሊግ እውነቱን ልንገራችሁ፦ በነፃና በሕጋዊ መንገድ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ሁሉንም የምታዩበት ዘዴ የለም። ወይ የሚበቃችሁን ፓኬጅ ኳስ ባለበት ወር ብቻ ትከፍላላችሁ፣ ወይ ዲኤስቲቪ ቤት ሄዳችሁ ከሰው ጋር ታያላችሁ።

ቀድማችሁ የገዛችሁ፣ ከገዛችሁ ብዙ ቀን ካልሆነ ፍጠኑ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ ወይም አገልግሎት የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ሻጮቹ ጥቂት ወር ደህና አድርገው የሚያሠሩት ይህ ጊዜ እስኪያልፍ ይመስለኛል። ስለዚህ የአካውንቱን ማብቂያ ቀን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ «ዕድሜ ልክ» የሚለውን ማስታወቂያ ከቲክቶክና ከቴሌግራም ሳይሰርዙት ስክሪንሹት አድርጉ፣ የከፈላችሁበትን የቴሌብር መልእክት አታጥፉ፣ ከዚያ ንግድ መምሪያ ሄዳችሁ በጽሑፍ አመልክቱ። ዲኮደር የሰጣችሁ ደግሞ ካርዱ የተመዘገበው በናንተ ስም መሆኑን አትርሱ፤ ለድርጅቱ ደውላችሁ ዕቃው እጃችሁ ላይ እንደሌለ አሳውቁ። አክስቴ ይህን ስታደርግ የሱቁ ልጅ ማታውኑ ደወለላት፤ ዲኮደሩን ልመልስልዎ አለ። ስለ ብሩ እስካሁን ምንም አላለም፣ የሷ ማመልከቻም እዚያው ንግድ መምሪያ ነው ያለው።