ለልጄ አስጠኚ የአደባባይ ምስጋና

ይህን ልጅ ሳላመሰግን ብቀር ይቆጨኛል። ስሜ ይቅር ስላለኝ አልጽፈውም። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ስልኩን እሰጣችኋለሁ።

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ኮድ መማር እፈልጋለሁ ስትለኝ መጀመሪያ አንድ ማስታወቂያው የሚያምር ማሰልጠኛ አስገባኋት። የኮርሱን ክፍያ ሙሉውን በቅድሚያ ተቀበሉ። ሥራቸው ልጆቹን ደርድሮ ስክሪን ላይ ያለውን ማስገልበጥ ነው። "ይሄ መስመር ምን ይሠራል?" ስትል "ዝም ብለሽ ጻፊ፣ ወደፊት ይገባሻል" አሏት። ሰርተፊኬት ይዛ ወጣች፤ ባዶ ገጽ ፊት ስትቀመጥ ግን እጇ አልታዘዝ አላት። ቀጥሎ ቤት የሚመጣ አስጠኚ ቀጠርን። እሱ ይጽፋል፣ እሷ ታያለች፣ ሰዓቱ ሲሞላ ሂሳቡን ተቀብሎ ውልቅ። ገንዘቡስ ይሁን። "እማዬ፣ እኔ ጭንቅላት የለኝም መሰለኝ" ስትለኝ ነው አንጀቴ ያረረው።

ይህኛውን የጠቆመችኝ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ናት፤ እግዜር ይስጣት። ፒ ፋይቭ ጄኤስ (p5.js) የሚባል፣ በኮድ ሥዕልና እንቅስቃሴ የሚሠራበት ነገር ከፈተላት። ነፃ ነው፣ ኢንተርኔት መክፈቻው ላይ ይሠራል፤ አሮጌው ላፕቶፓችንም ቻለው። አንድ ክብ አሠራትና ከላይ ወደ ታች አስወረዳት። ልጄ አየችውና "ይሄ የወደቀ አይመስልም፣ በሊፍት የሚወርድ ነው የሚመስለው" አለች። "ለምን?" ብሎ ዝም አላት።

በዚህ መሀል መብራት ድርግም አለ። ሌላው ቢሆን ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይሄድ ነበር። እሱ "የሒሳብ ደብተርሽን አምጪ" አላት። በየገጹ ጠርዝ ላይ ኳስ አሣላት፤ በየገጹ እኩል ካሬ ዝቅ እያለች። ገጾቹን በአውራ ጣቷ ፍርር አድርጋ ስትለቃቸው ያው ሊፍት ሆነ። ከዚያ እንደ አዲስ አሣላት፤ መጀመሪያ 1 ካሬ፣ ቀጥሎ 3፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ 7። ስትለቀው ኳሷ ወደቀች! በደንብ ወደቀች! ልጄ ጮኸች። ጋሊሊዮ ከ400 ዓመት ገደማ በፊት ያገኘው ቁጥር መሆኑን የነገራት ከዚያ በኋላ ነው። ሻማ አብርቼ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበርና ለእኔም ገባኝ።

መብራት ሲመጣ ኮዱን የጻፈችው ራሷ ናት። እሱ ኪቦርዱን አልነካም። እንደ ደብተሩ ገጾች በሚከታተሉት ምስሎች በእያንዳንዱ ላይ፣ ፍጥነቱ ላይ ትንሽ ስበት ትጨምራለች፣ ከዚያ ፍጥነቱን ቦታው ላይ። ኳሷ ወለሉን አልፋ ስትጠፋባት ደግሞ ፍጥነቱን በኔጌቲቭ 0.8 አባዝታ አነጠረቻት፤ በነጠረች ቁጥር ከፍታዋ እየቀነሰ ይሄዳል። አሁን ስለ ፔንዱለምና ስለ ስፕሪንግ ነው ወሬያቸው፣ እሱ ከእኔ አቅም በላይ ነው። የማውቀው ልጄ በፊዚክስ ደብተሯ ያለውን የስበት ቁጥር 9.8 ስታየው መደንገጥ መተዋን ነው። በየሰከንዱ ፍጥነቱ ላይ የሚጨመረው እሱ መሆኑን ለታናሽ ወንድሟ ስታስረዳ በጆሮዬ ሰማሁ።

ወንድሜ፣ ተባረክ። እጅህ ይባረክ።

ልጅ ያላችሁ ደውሉለት። ኮድ የማያውቅ፣ ፊዚክስ የሚፈራ ቢሆንም ላኩት፤ ታግሶ ነው የሚያስተምረው። ለቅዳሜ ከሰዓት ቦታ አለኝ ብሎኛል። ከሞላበት ሰው ስለማይጨምር ቶሎ በሉ።