የወላጆች ቤት ጣሪያ ሲቀየር፦ ጌጅ 28፣ ጌጅ 32 ወይስ ኢጋ?

ፋሲካ ልጆችን ሁሉ እናት ቤት ይሰበስባል። ከውጭ የመጣው፣ ከክፍለ ሀገር የገባው፣ እዚያው ሰፈር የቀረው አንድ ማዕድ ይቀርባሉ። ቀና ሲሉ አቡጀዲው ኮርኒስ ላይ ቡናማ የውሃ ቀለበት ተንጣሏል። «ይሄ ጣሪያ ሌላ ክረምት አይችልም» ይባልና መዋጮው ይጀመራል። ቀጥሎ የሚመጣው ክርክር የቆርቆሮው ዓይነት ነው።

አዲስ አበባ ላለ የቆየ የጭቃ ቤት ምርጫችን ቁርጥ ነው፤ ተራው ባለ ሸንተረር ጌጅ 28። የጌጅ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ብረቱ ይሳሳል፤ 28 ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን 32 ሩብ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። 32ን የሚያስገዛው ርካሽነቱ ብቻ ነው። ሲረገጥ ይሰረጉዳል፣ ሚስማር ሲመታበት ጉብታው ይጨፈለቃል፣ በረዶ ሲጥል ከስሩ መደማመጥ አይቻልም። ለአጥር ይሁን፤ እናትና አባት ለሚተኙበት ቤት ግን አንመክረውም።

ኢጋ የሚባለው ባለ ማዕዘን ሸንተረር ረጅም ቆርቆሮ ጥሩ ዕቃ ነው። በልክ ስለሚቆረጥ መሃል ላይ መጋጠሚያ የለውም፣ ቀለም የተቀባው ደግሞ ያምራል። ውጭ ያሉት ልጆች ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት እሱን ነው። ችግሩ ያለው ከስሩ ነው። የድሮ ቤት ወራጅ፣ ማለትም ጣሪያውን የሚሸከመው ተዳፋት እንጨት፣ ያልተጠረበ ባሕር ዛፍ ነው፤ አንዱ ሰምጧል፣ ሌላው ጎብጧል። ረጅምና ግትር የሆነው ኢጋ እዚህ ላይ ሲጋደም ክፍተት ይቀራል፤ ነፋስ እየገባ ሲያርገበግበው ሚስማሩ ይላላል። 2 ሜትሩ ተራ ቆርቆሮ ግን የእንጨቱን ጠማማነት ተከትሎ ይተኛል። እንጨቱ በሙሉ በሞራሌ (በመጋዝ በተሰነጠቀ ቀጥ ያለ እንጨት) ከተቀየረ ያኔ ኢጋ ይልበስ።

ለሂሳቡ፣ 6 በ8 ሜትር የሆነና ለሁለት ወገን የሚያፈስ ጣሪያ ያለው ቤት እንውሰድ። ጣሪያው በየአቅጣጫው 60 ሳንቲ ሜትር ከግድግዳው ይውጣ። ይህች 60 እንዳትቀነስ! ጠብታው ግድግዳው እግር ላይ ካረፈ ልስኑ ይረግፋል፣ ቀጥሎ ቋሚው ይበሰብሳል። አናቱ ከግድግዳው 1 ሜትር ከ10 ከፍ ሲል አንዱ ወገን 3 ሜትር ከ83 ይሆናል፤ ሁለት ቆርቆሮ 17 ሳንቲ ሜትር ተደራርቦ ልክ ይሸፍነዋል። ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቆርቆሮ በጎን ሁለት ሸንተረር ሲደረብ 75 ይቀረዋል። ስለዚህ በየወገኑ 13 ረድፍ፣ በጠቅላላው 52 ቆርቆሮ፤ ሦስት መጠባበቂያ ይጨመርበት። ለአናቱ መክደኛ ባለ 2 ሜትር አምስት። ማገሩ፣ ቆርቆሮው የሚመታበት አግድም እንጨት፣ በየ75 ሳንቲ ሜትሩ ሲመታ በየወገኑ ስድስት ነው፤ 110 ሜትር ገደማ እንጨት ማለት ነው። የቆርቆሮ ሚስማር ከ620 በላይ።

ሱቅ ውስጥ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አትመኑ፤ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይዛችሁ ሂዱ። ካሊፐር ከሌለ እኩል መጠን ያላቸው ሁለት ቆርቆሮዎች ይመዘኑ፣ የቀለለው ሳስቷል። ተደራርቦ ዝናብ የገባበትም አይገዛ፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካበቀለ ዚንኩ መበላት ጀምሯል። ከምናለሽ ተራ የሚገኝ ያገለገለ ቆርቆሮ ለማድ ቤት ያዋጣል፣ ጭሱ ማንኛውንም ቆርቆሮ ከውስጥ ቶሎ ይበላዋልና። የድሮው ቀዳዳ ግን ይደፈን።

አሮጌው ከመነሳቱ በፊት ኮርኒሱን ገልጣችሁ በቀትር መስኮቱን ዝጉና ወደ ላይ ተመልከቱ። በጨለማው ውስጥ የምታበራው እያንዳንዷ ነጥብ ውሃ የሚገባባት ቀዳዳ ናት፤ ከስሯ ያለው እንጨት በጠመንጃ መፍቻ ይወጋ። ብረቱ ዘልቆ ከገባ ያ እንጨት ይቀየር። አዲሱ እንጨት የተቃጠለ ዘይት ይቀባ፣ ምስጥ ይሸሸዋል።

አብዛኛው የሚያፈስ አዲስ ጣሪያ የሚበላሸው ሚስማር ላይ ነው። ሚስማሩ ጉብታው ላይ ይመታል እንጂ ውሃ የሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ አይመታም። ከሚስማሩ ራስ ስር ያለው ጎማ ቆርቆሮውን ነክሶ ሲይዝ መዶሻው ይቁም፤ አንድ ምት ሲጨመር ጉብታው ይሰረጉዳል፣ ውሃም ሚስማሩ ዙሪያ ይቋጥራል። ቆርቆሮው በመቀስ ይቆረጥ፤ የግራይንደር ፍንጣሪ የሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ዝገት ያበቅላል። የሚወጣ ሰው ሚስማሩ የተሰለፈበትን፣ ማገሩ ያለበትን ይርገጥ።

ሥራው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ቢጀመር ሰኔ ሳይገባ ያልቃል። የበልግ ዝናብ ግን ድንገት ስለሚመጣ በአንድ ቀን አንድ ወገን ብቻ ይገለጥ፣ ሸራም አጠገብ ይኑር። ከዚያ በፊት የጥገና ፈቃድ ወረዳው ይጠየቅ፤ ካርታው በአባት ስም ከሆነ አባት ራሳቸው ወይም ውክልና የያዘው ልጅ ይሂድ።

ኢጋ ባለመገዛቱ በተረፈው ገንዘብ አሸንዳ (የጣሪያ ውሃ መቀበያ) ይገዛበት። እንግዶቹ ልጆች ከሄዱ በኋላ ሰፈር የቀረው ልጅ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ባትሪ ይዞ ኮርኒሱ ውስጥ ይግባና ማገሮቹን አንድ በአንድ በእጁ ይዳስስ፤ እርጥብ ያገኘበትን በጠመኔ ምልክት ያድርግበት፣ አናጺውም የመጨረሻውን ክፍያ ከመቀበሉ በፊት ያን ያስተካክል።