በአውሮፓ በትንሽ አውሮፕላን ድንበር ለምትሻገሩ፦ ለጋሼ ምስጋና፣ ለእናንተ ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። በተለይ ጀርመን፣ ቤልጂየም፣ ሆላንድ፣ እንግሊዝ ሆናችሁ የግል አብራሪነት ፈቃድ ላወጣችሁ ወይም እየተማራችሁ ላላችሁ ሐበሾች። ጥቂት ነን፣ ግን አለን።

ዛሬ የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። እግረ መንገዴን ለእናንተም ልጠቁማችሁ። ስማቸውን እንዳላወጣ ስለነገሩኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ድሮ አየር መንገድ ውስጥ ዲስፓቸር፣ ማለትም መሬት ላይ ሆነው በረራ የሚያቅዱ ባለሙያ ነበሩ። ጡረታ ወጥተው አሁን ፍራንክፈርት አካባቢ ልጆቻቸው ጋ ነው የሚኖሩት። እንደ እኔ በክለብ ሴስና (ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን) ከአገር አገር መሄድ ለሚፈልግ ሰው ጉዞውን አብረውት ያቅዳሉ። መስመር ማስመሩንማ ስካይዲመን የሚባለው የበረራ ማቀጃ መተግበሪያም በሁለት ደቂቃ ይሠራዋል። የጋሼ ሥራ ሌላው ሁሉ ነው።

ሌላው ሁሉ ምንድን ነው ለምትሉ፣ የግል ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ 45 ሰዓት ሥልጠና ግዴታ ነው። በዚያ ሁሉ ሰዓት ውስጥ ግን የምትሄዱበት የአውሮፕላን ሜዳ ጉምሩክ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ቤንዚን ይኑረው አይኑረው፣ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቅ አይጠይቅ የሚያስተምራችሁ የለም። ከዚህ በፊት አንድ ድርጅት (ስሙን አልጠራም) ገንዘቤን ተቀብሎ ያማረ ሰነድ ልኮልኝ ነበር። ካርታው፣ ቀለሙ፣ ሁሉ ነገር አለ። የተመረጠልን ሜዳ ግን እሁድ የሚከፍተው ከአንድ ቀን በፊት ለጠየቀ ብቻ ነው፤ እሱ አልተጻፈም። ደግነቱ ክለባችን ውስጥ የሚያውቅ ሰው ተገኘና ተረፍን።

ጋሼ ደግሞ ከመጨረሻው ነው የሚጀምሩት። እህቴ ለንደን ነው ያለችው፣ ባለቤቴና እኔ ልንጠይቃት አስበን ደወልኩላቸው። መቼ ነው የምትነሱት ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «መቼ የግድ መመለስ አለብሽ?» አሉኝ። ሰኞ ሥራ አለኝ አልኳቸው። «እንግዲያው የባቡር ዋጋ አይተሽ ገንዘቡን ለብቻ አስቀምጪ፣ አለዚያ አላቅድልሽም!» ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ቀልድ አልነበረም። በትንሽ አውሮፕላን ሰው የሚሞተው መመለስ አለብኝ ብሎ መጥፎ አየር ውስጥ ሲገባ ነው ብለው ያምናሉ፤ ስለዚህ ሌላ የመመለሻ መንገድ የሌለውን ሰው አይቀበሉም። በቃ።

ከዚያ ወደኋላ እየቆጠሩ መጡ። የምናርፈው ሊድ፣ ኬንት ውስጥ ባሕሩ ዳር ያለው ሜዳ ላይ ነው። እንግሊዝ ሼንገን ውስጥ (እርስ በርስ የፓስፖርት ቁጥጥር ያነሱት የአውሮፓ አገሮች ውስጥ) የለችም፤ ስለዚህ ከአውሮፓ ስንወጣ የድንበር ፖሊስ ካለበት ሜዳ መነሳት አለብን። የእኛ ክለብ ሜዳ ፖሊስ የለውም። ቤልጂየም ባሕር ዳር ያለችው ኦስተንድ ግን አለ፣ ከፍራንክፈርት ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው፤ እዚያ አርፈን ፓስፖርት አሳይተን እንሻገራለን። እንግሊዞቹ ደግሞ «ጋር» (GAR) የሚሉት ፎርም አላቸው። ማን እንደሚሳፈር፣ በየትኛው ፓስፖርት፣ ከየት ወዴት ሁሉም ይሞላበታል። ከ2024 ኤፕሪል ወዲህ በኢንተርኔት ብቻ ነው የሚቀበሉት፤ ከመነሻችሁ በፊት 48 ሰዓት ሳይቀረው አይቻልም፣ 2 ሰዓት ከቀረው በኋላም አይቻልም። ያላስገባ እስከ 10,000 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። በዚህ ላይ ከ2025 ኤፕሪል ጀምሮ የጀርመን ፓስፖርት የያዘም ቢሆን ቀድሞ የኤሌክትሮኒክስ የጉዞ ፈቃድ ማውጣት አለበት። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ተሳፋሪ ከሆነ ቪዛ ነው፣ የጀርመን መኖሪያ ፈቃዱ አይበቃውም። ጋሼ ይህን ገና በመጀመሪያው ስልክ ነው የሚጠይቁት።

ባሕሩ ላይ ያደረጉትን ግን ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። ከኦስተንድ ሊድ ቀጥታ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አብዛኛው ውሃ ላይ። መተግበሪያው የሚያሰምረው እሱን ነው። ጋሼ ሰረዙት። የእኛ ሴስና 172 ሞተሩ ቢጠፋ ከእያንዳንዱ 1,000 ጫማ ከፍታ 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይንሳፈፋል። የባሕሩ ጠባብ ቦታ፣ በዶቨርና በካሌ በኩል፣ 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ አሉ፣ የባሕሩን ዳርቻ ይዛችሁ እስከ ካሌ ሂዱ፤ ደመናውና የአየር ክልሉ ከፈቀደ 6,000 ጫማ ውጡ፤ ያኔ ነፋሱ ካልከፋ መሐል ላይ ሆናችሁ እንኳ ከሁለት አንዱ ዳርቻ አጠገብ ትደርሳላችሁ። ትርፉ መንገድ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። የሕይወት አድን ጃኬት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ተንሳፎ የብስ ከማይደርስበት ርቀት ላይ ሲሆን ሕጉም ያዛል፤ ጋሼ ግን ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ጃኬት እንደሌለ ይቆጠራል ባይ ናቸው፤ ገና መሬት ላይ ሳለን ለብሰን ፎቶ አንስተን ላክንላቸው። ባለቤቴ እስካሁን ይስቃል።

የሰዓቱ ነገርማ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ቤልጂየም ሌላ፣ እንግሊዝ በአንድ ሰዓት ወደኋላ፣ የበረራ ዕቅዱ ደግሞ በዙሉ ሰዓት (አብራሪዎች ሁሉ በሚጠቀሙበት የዓለም አቀፍ ሰዓት፣ UTC) ይሞላል፤ የሚገባውም ከመነሳታችሁ ቢያንስ 60 ደቂቃ ቀድሞ ነው። ጋሼ የሚሰጡት ወረቀት ላይ ሁሉም ነገር በዙሉ ብቻ ነው የተጻፈው። እሳቸው ራሳቸው ግን በሐበሻ ሰዓት ነው የሚያስቡት፤ ከዙሉ ሦስት ቀንሺ የሐበሻው ይመጣልሻል ይላሉ። ሞክሩት፣ ልክ ነው።

ወደ ክሮኤሺያም አቅደውልናል፣ ወደ ሎሺን ደሴት። እዚያ ወረቀቱ ቀሏል፤ ክሮኤሺያ ሼንገን ከገባች፣ የአየር ማረፊያዎቿም ከማርች 26 ቀን 2023 ጀምሮ ከሼንገን አገሮች ለሚመጣ የፓስፖርት ቁጥጥር ካነሱ ወዲህ የበረራ ዕቅድ አስገብቶ መሄድ ነው። ከባዱ አልፕስ ነው። ኦስትሪያዎቹ በየመተላለፊያው ያለውን አየር በፊደል ነው የሚያወጡት፦ ኦ ክፍት፣ ዲ አስቸጋሪ፣ ኤም እጅግ አስቸጋሪ፣ ኤክስ ዝግ። እኛ ደቡብ ጀርመን፣ አውግስቡርግ ቁጭ ብለን ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ተራሮቹ ከሩቅ ይታያሉ፣ ባለቤቴ እንነሳ እንነሳ ይላል። ጋሼ ደወሉ፤ ዛሬ የለም አሉ። ከተራራው በስተደቡብ ባለችው ቦልዛኖና በስተሰሜን ባለችው ኢንስብሩክ መካከል ያለው የአየር ግፊት ልዩነት ጨምሯል፣ ፎን የሚባለው ነፋስ ከደቡብ እየመጣ ነው፤ ያ ነፋስ ሰማዩን አጥርቶ ከተራራው ወዲህ፣ በሰሜኑ በኩል፣ አውሮፕላኑን ያንገላታል። አደርን። በማግስቱ ብሬነር የሚባለውን የተራራ መተላለፊያ (1,370 ሜትር ነው) ቡናችንን እየጠጣን አለፍነው።

የሎሺን ማኮብኮቢያ 900 ሜትር ነው፣ ለ172 ይበቃል፤ ሙቀትና ሸክም ሲጨመር ግን ሒሳብ ይፈልጋል። ደግሞ አራት ወንበር አለው ብላችሁ አራት ጎልማሳ ከነሻንጣው በሙሉ ታንክ አትጫኑ። አይችልም። ጋሼ እያንዳንዱን ሰው ክብደት ይጠይቃሉ፣ እህቴን ሳይቀር ጠይቀዋት ተቀይማለች።

አሁን ጉድለታቸውን። በድምፅ መልእክት ነው የሚመልሱት፣ ረጅም ነው፣ መሐሉ ላይ የልጅ ልጃቸው ታለቅሳለች። እሁድ ቅዳሴ ሳይወጣ ስልክ አያነሱም። በመሣሪያ ብቻ ለሚበር ሰው አይሠሩም፣ በዓይን እያየ ለሚበር ብቻ ነው። የመጨረሻውን ውሳኔም አይወስኑላችሁም፣ በሕግም አዛዡ አብራሪ ነው ይላሉ። አትሂዱ ሲሉ ግን እኔ አልሄድም። ክፍያቸው ከአንድ ሰዓት የሴስና ኪራይ ያነሰ ነው፤ ጉዞው በአየሩ ምክንያት ከተሰረዘ ለሚቀጥለው ቀን ድጋሚ አያስከፍሉም። ይህን የሚያደርግ ሌላ ሰው አላጋጠመኝም።

ደግሞ ወደ ቤት ስንመለስ ትንሹ ሜዳችን ላይ መቆጣጠሪያ ማማ ስለሌለ የበረራ ዕቅዱን በስልክ የምንዘጋው እኛው ነን። ካልተዘጋና ሰዓቱ 30 ደቂቃ ካለፈ የት ገቡ ተብሎ መፈለግ ይጀመራል። ሞተሩ ሳይበርድ የጋሼ መልእክት ይመጣል፦ «ዘጋሽ?»

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ ካነበበችልዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ለምትፈልጉ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን ጠይቄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ። የአውሮፕላኑን ዓይነት፣ የሁሉንም ሰው ክብደትና የፓስፖርት ዓይነት አዘጋጁ። ግሪክ ያማራችሁ ደግሞ ከአሁኑ ብትደውሉ ይሻላል፤ እዚያ የእኛ ሞተር የሚጠጣው አቭጋዝ ያለባቸው ሜዳዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ጋሼም መንገዱን የሚቀይሱት በቤንዚኑ ነው።